ለሰርዶው አግዢ

ቆይ እቴ፣ እንደሱ አትንጪው። ቅጠሉ እጅሽ ላይ ቀረ፣ ፍሬው መሬት ውስጥ ነው። እስቲ አገዳውን በሁለት ጣትሽ አንከባልይው፤ ሦስት ጠርዝ አለው አይደል? ሰርዶ ቢሆን ክብ ነበር። ይሄ የእንግጫ ወገን ነው።

ጳጉሜ ላይ ልጃገረዶቹ እየዘፈኑ የሚነቅሉትን እንግጫ ማን ጠላው? ይሄ ሥሩ ላይ ፍሬ የሚቋጥረው ዘመዱ ግን ግቢ ከገባ አይወጣም። በ1977 እ.ኤ.አ. የዓለምን ክፉ አረሞች በደረጃ የጻፉ ምሁራን አንደኛ ያደረጉት ከዚሁ ወገን አንዱን ነው። ሁለተኛው ማን መሰለሽ? ይሄው የምታጠጪው ሰርዶ! ግቢሽ ውስጥ የሚታገሉት አንደኛና ሁለተኛው ናቸው፤ እኔ የምልሽ ለሁለተኛው አግዢ ነው።

ፍሬዎቹ በቀጭን ሥር እንደ መቁጠሪያ ተያይዘዋል። የላይኛው ደኅና እስካለ የታችኞቹ ይተኛሉ፤ አናቱን ነጭተሽ ሥሩን ስትበጥሽው ይነቃሉ። አንድ ነቅለሽ ሦስት የሚበቅልብሽ ለዚህ ነው። ዶንጎራውን ራቅ አድርገሽ አስገቢና አፈሩን ከነፍሬው ፈንቅይው። ከዚያ በእጅሽ እየፈረፈርሽ ጠቆር ጠቆር ያለችውን ፍሬ ልቀሚ። ፍግ ውስጥ እንዳትጥያት፣ በፍጉ ተመልሳ ትመጣለች። ቆርቆሮ ላይ አስጫት፤ የደብረ ማርቆስ ክረምት ፀሐይ ከነሳሽ ደግሞ ምድጃ ውስጥ ጨምሪያት።

የቀረው በሁለት በሦስት ሳምንት ብቅ ይላል። ቅጠሉ ሳይበዛ ድገሚው። ፍሬው ቅጠል የሚያወጣው ከስንቁ ነው፤ ቅጠሉ መልሶ ካልቀለበው ይደክማል። በአንድ ክረምት አያልቅም፣ አልዋሽሽም።

መድኃኒት እገዛለሁ ያልሽውን ተይው። ገበሬው ስንዴና ጤፍ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ ሰፋፊ ቅጠሉን ነው የሚገድለው፣ እንግጫን ከሥሩ አያጠፋም። ራውንድ አፕ ደግሞ ሰርዶውንም አብሮ ያደርቀዋል። ባዶው መሬት ላይ ቀድሞ የሚነሳው ማን ይመስልሻል? ደግሞስ ልጆቹ እዚያው አይደል የሚንከባለሉት?

ያ ጥግ ላይ ያለው ቱልት ቀላል ነው። አገዳው ዘር ሳይዝ፣ መሬቱ ርጥብ ሳለ፣ ወፍራሙን ሥር ከነአንገቱ አውጪው። የሚያቆጠቁጠው ከአንገቱ ነው።

ይልቅ ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ አየሽው? እንግጫው የበዛው ልክ እሱ የሚያቁርበት ላይ ነው። ቦይ ቅደጂለት። ሣሩንም ስታጭጂ መሬቱ እስኪታይ አታራቁቺው፤ እንግጫ ጥላ አይወድም። የቆፈርሽበት ቦታ ባዶውን አይደር፤ ከወዲያ የሰርዶ ቁራጭ አምጥተሽ ትከይበት፣ በክረምት ወዲያው ይይዛል። ብቻ ወደ ጎመኑ መደብ እንዳይሻገር ጠርዙን በየጊዜው ቁረጪ። እዚያ ከገባ ደግሞ ስለሱ ልትጠሪኝ ነው።