ስምን በድምፁ መፈለግ፦ የሳውንዴክስ ዘዴና የቆዩ የሕዝብ ቆጠራ መዝገቦች

እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ሲወጣ፣ የጡረታ አበል የሚጠይቅ ሰው ዕድሜው 65 መሙላቱን ማስረዳት ነበረበት። ከአረጋውያኑ ብዙዎቹ ግን የልደት ምስክር ወረቀት አልነበራቸውም። ሊጠቀስ የሚችለው ማስረጃ በልጅነታቸው የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ነበር። ቆጣሪው ደግሞ ስሙን የጻፈው ብዙ ጊዜ በጆሮው እንደ ሰማው ነው። በፊደል ተራ የሚፈልግ ሰው አንዲት ፊደል ከተለየችበት ማስረጃውን ያጣል፤ አበሉም በዚያው ይቀርበታል።

ሮበርት ራስል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1918 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ ስሞችን የሚመድበው በድምፃቸው ነው። የዚህ ዘዴ የተሻሻለ መልክ ሳውንዴክስ ይባላል። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በመንግሥት የሥራ ፕሮግራም የተቀጠሩ ሠራተኞች የ1880፣ የ1900 እና የ1920 ቆጠራዎችን በካርድ ላይ እየገለበጡ በዚሁ ዘዴ አደራጁ። ከ1880ው የተወሰዱት ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ያሉባቸው ቤተሰቦች ብቻ ናቸው፤ ለጡረታ የሚደርሱት እነዚያ ልጆች ነበሩና።

የአሠራሩ ደንብ ቀላል ነው። የስሙ የመጀመሪያ ፊደል እንዳለ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ አናባቢዎች፣ ኤች፣ ደብልዩ እና ዋይ ይተዋሉ። የቀሩት እንደሚከተለው ቁጥር ይሰጣቸዋል፦

1፦ ቢ፣ ኤፍ፣ ፒ፣ ቪ
2፦ ሲ፣ ጂ፣ ጄ፣ ኬ፣ ኪው፣ ኤስ፣ ኤክስ፣ ዜድ
3፦ ዲ፣ ቲ
4፦ ኤል
5፦ ኤም፣ ኤን
6፦ አር

ጎን ለጎን የቆሙ ባለ አንድ ቁጥር ፊደላት እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ከሦስት አኃዝ የበለጠው ይቆረጣል፤ የጎደለው በዜሮ ይሞላል። ስለዚህ «ስሚዝ» በአይም ተጻፈ በዋይ ኤስ-530 ይሆናል። የጀርመኑ «ሽሚት» እንኳ በዚያው ምድብ ይገኛል፤ ሲ በኤስ ትዋጣለች፣ ዲ እና ቲ ደግሞ እንደ አንድ 3 ይቆጠራሉ።

ዘዴው የሠራው መረጃን ሆን ብሎ በመጣሉ ነው። በፊዚክስ ቤተ ሙከራ መሣሪያው ከሚችለው በላይ አኃዝ መደርደር ዕውቀት እንደማይጨምር ሁሉ፣ በስሕተት የተሞላ የፊደል አጻጻፍም በጥቂቱ መደብዘዝ ይጠቅመዋል። በዚህ ደንብ ሊገኙ የሚችሉት ምድቦች 26 ሲባዛ በ259፣ ማለትም 6,734 ብቻ ናቸው። ዋጋው ግን አለ፤ በአንድ ምድብ ውስጥ ዝምድና የሌላቸው ስሞች ይታጨቃሉ። የመጀመሪያው ፊደል ከተለወጠ ደግሞ ፍለጋው ይከሽፋል። «ፀሐይ» የሚለው የእኛ ስም በላቲን ፊደል በቲ እና ኤስ ሲጀመር ቲ-200፣ በኤስ ብቻ ሲጀመር ኤስ-000 ይሆናል።

ችግሩ በገዛ ፊደላችንም አለ። «ዓለሙ» እና «አለሙ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን በፍለጋ ጊዜ ወደ አንድ መመለስ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

ተማሪ ሆይ፣ አንድ ማሳሰቢያ እናክል። በድምፅ የተገኘ ስም ዕጩ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ዕድሜው፣ የትውልድ ቦታውና የቤተሰቡ አባላት ሲገጥሙ ብቻ ሰውየው ተገኘ ይባላል።