አምቡላንስን በማስተዋል ስለ መጠቀም

አምቡላንስ ማለት በድንገተኛ ሕመም ወይም በአደጋ የተያዘ ሰው ወደ ሕክምና ስፍራ ቶሎ እንዲደርስ የተዘጋጀ ተሽከርካሪ ነው። ቃሉ ከላቲን ቋንቋ የመጣ ሲሆን መነሻ ትርጓሜው መራመድ ማለት ነው። ቀድሞ ፈረንሳዮች ከሠራዊት ጋር እየተዘዋወረ ቁስለኞችን የሚረዳውን ሐኪም ቤት ተራማጅ ሐኪም ቤት ይሉት ስለ ነበር፥ ይህ ስም ከዚያ ወጣ። ዶሚኒክ ዣን ላሬ የተባለው የፈረንሳይ የጦር ሐኪም ቁስለኞች ውጊያው እስኪያበቃ ድረስ በሜዳ ወድቀው መቅረታቸውን ተመልክቶ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1792 ዓመት በፈረስ የሚሳብ ቀላል ሠረገላ ወደ ውጊያው ስፍራ እንዲገባ አሰበ። ከዚያ ወዲህ በፈረሱ ፋንታ ሞተር ገባ፤ ዓላማው ግን አልተለወጠም። ይኸውም ሕመምተኛው ሐኪም ሳያገኝ የሚቆይበትን ጊዜ ማሳጠር ነው።

በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም ተመሠረተ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ጦርነት ስለ ተነሣ፥ ከውጭ አገር የመጡ የቀይ መስቀል ጓዶች ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጋር ዘምተው ቁስለኛን አነሡ። በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም የስዊድን ቀይ መስቀል በመልካ ዲዳ ሰፍሮ ሳለ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉበት፤ ይህም ሥራ በዓለም ዘንድ ተነቀፈ። ሕመምተኛን የሚያነሣ ተሽከርካሪ በጦርነት ጊዜ እንኳ እንዳይነካ በሕግ የተጠበቀ ነውና። እንግዲህ በጦር ሜዳ የተከበረ ነገር በሰላም ጊዜ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ይበልጥ ሊከበር ይገባዋል።

ዛሬ አምቡላንስ የከተማ ሰው ብቻ ሀብት አይደለም። ከ2000 ዓ.ም ወዲህ ባሉት ዓመታት መንግሥት ይልቁንም ምጥ የያዛቸውን እናቶች ለማድረስ በማሰብ ለየወረዳው አምቡላንስ አከፋፍሏል። ይሁን እንጂ የወረዳው ሕዝብ ብዙ፥ መኪናው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የመኪናው ፍጥነት በነጂው እጅ ብቻ ያለ ሳይሆን፥ እኩሌታው በሚጠራው ሕዝብ እጅ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

ይህን ነገር በትንሽ ሒሳብ ማስረዳት ይቻላል። አንድ ወረዳ አንድ አምቡላንስ ብቻ አለው እንበል። ከወረዳው ከተማ በስተ ምሥራቅ 10 ኪሎሜትር ርቆ ባለ መንደር አንድ ሰው የቆየ የጥርስ ሕመም ጠናበትና ዘመዶቹ አምቡላንሱን ጠሩ። መንገዱ ኮረኮንች ስለ ሆነ መኪናው በአንድ ሰዓት ከ20 ኪሎሜትር በላይ አይሄድም፤ እንግዲህ ለመሄጃ 30 ደቂቃ፥ ለመመለሻም 30 ደቂቃ ይፈጃል። መኪናው እንደ ተነሣ በስተ ምዕራብ 10 ኪሎሜትር ካለ ሌላ መንደር፥ አንዲት ሴት ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም አለ ተብሎ ተጠራ። ነጂውም የፊተኛውን ሕመምተኛ አድርሶ ቢመለስና ወደ እርስዋ ቢሄድ፥ ሴቲቱ ወደ ጤና ጣቢያ የምትደርሰው ከተጠራ ከ2 ሰዓት በኋላ ነው። የጥርሱ ሕመምተኛ ባይጠራው ኖሮ ግን በ1 ሰዓት በደረሰች ነበር። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ብርቱ ደም በ2 ሰዓት ውስጥ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ሊገድል ስለሚችል፥ የጠፋችው አንዲት ሰዓት የሰው ነፍስ ዋጋ ናት። ጥርሱን የታመመው ሰው ይህን ያደረገው በክፋት አይደለም፤ በወዲያ በኩል ማን እንዳለ ስላላየ ነው።

የመዘግየት ምክንያቶች

የእናቶችን ሞት የመረመሩ ሊቃውንት መዘግየትን በሦስት ይከፍሉታል። መጀመሪያው ወደ ሐኪም ለመሄድ ሳይቈርጡ መቆየት ነው፤ ሁለተኛው በመንገድ መዘግየት ነው፤ ሦስተኛው ሕክምና ስፍራ ከደረሱ በኋላ ሳይታከሙ መቆየት ነው። ሦስተኛው የሐኪሞችና የባለ ሥልጣኖች ድርሻ ነው። ፊተኞቹ ሁለቱ ግን በአብዛኛው በቤተ ሰብና በመንደር እጅ ናቸው።

ብዙ ጊዜ ባልየው ወደ ገበያ ሄዷል፥ ወይም ሌሊት ነውና እስኪነጋ እንቆይ፥ ወይም ሰው ማስቸገር ነውር ነው ተብሎ ጥሪው ይዘገያል። አለ ምክንያት መጥራት ሌላውን እንደሚጎዳ ሁሉ፥ በምክንያት ሳይጠሩ መቅረትም የራስን ሰው ይጎዳል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋሞች ያለ ክፍያ የሚሰጥ ስለ ሆነ፥ ገንዘብ በመፈለግ ጥሪ ማዘግየት አያስፈልግም። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት፥ የቤቱ ጌታ ባይኖር ማን እንደሚወስን፥ ከብትንና ልጆችን ማን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ቢነጋገር፥ በምጥ ሰዓት ክርክር አይነሣም።

አምቡላንስ የሚጠራበት ጊዜ

ምጥ ከ12 ሰዓት በላይ ሲቆይ፤ በእርግዝና ወይም በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ሲፈስ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ስታንቀጠቅጥ፥ ወይም ብርቱ ራስ ምታት ይዟት ዐይኗ ሲጨልም፤ ከሕፃኑ ራስ በፊት እጅ ወይም እትብት ሲወጣ ሳይዘገዩ መጥራት ይገባል። እንዲሁም ማንም ሰው ራሱን ሲስት፥ ትንፋሽ ሲያጥረው፥ የቁስሉ ደም ተጭነውት አልቆም ሲል፥ ከዛፍ ወይም ከገደል ወድቆ አንገቱ፥ ጀርባው ወይም ራሱ ሲጎዳ፥ ሰፊ ቃጠሎ ሲደርስበት፥ እባብ ሲነድፈው፥ መርዝ ሲጠጣ፥ ደረቱን ጨምድዶ ሲይዘው፥ ወይም ፊቱ በአንድ ወገን ድንገት ሲጣመምና አንደበቱ ሲተሳሰር መጥራት ተገቢ ነው።

የቆየ የጥርስ ወይም የወገብ ሕመም፥ ጉንፋን፥ ቀላል ቁስል ያለበትና ራሱን ችሎ መሄድ የሚችል ሰው ግን በእግሩ፥ በበቅሎ ወይም በሌላ ተሽከርካሪ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። አምቡላንስ ሸቀጥ ለመጫን፥ ወደ ሠርግ ለመሄድ ወይም ሬሳ ለማጓጓዝ የተዘጋጀ አይደለም። ሙታንን በክብር መሸኘት የእድር ሥራ ነው፤ አምቡላንስ ለሕያዋን ነው። ነገሩ ያጠራጠረው ሰው የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቢጠይቅ መልካም ነው፤ እርስዋን ካላገኘ ግን ዘግይቶ ከመጸጸት ቀድሞ መጥራት ይሻላል።

የጥሪው ሥርዓት

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የአምቡላንስ ጥሪ ቍጥር 907 ነው፤ በአዲስ አበባ የእሳትና የድንገተኛ አደጋ ጥሪ 939 ነው። በገጠር ግን የወረዳው አምቡላንስ የሚጠራበት ቍጥር እንደየወረዳው ስለሚለያይ፥ ከጤና ኬላው ጠይቆ በየቤቱ በር ላይ መጻፍ ይገባል።

የሚጠራው ሰው ሳይጮኽና ሳይቸኩል አምስት ነገር ይናገር። አንደኛ፥ ስፍራውን ከነቀበሌውና ከነጎጡ፥ በአጠገቡም ያለውን ቤተ ክርስቲያን፥ መስጊድ፥ ወፍጮ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ይጥቀስ። ሁለተኛ፥ የሆነውን ነገርና ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ ይንገር። ሦስተኛ፥ የሕመምተኞቹን ቍጥርና የሕመምተኛውን ዕድሜ፤ አራተኛ፥ መኪና እስከ የት እንደሚገባ፤ አምስተኛ፥ መልሶ የሚገኝበትን የስልክ ቍጥር ይስጥ። የሚሰማው ወገን ጨረስሁ ሳይል ስልኩን አይዝጋ። ልጆችም በእነዚህ ቍጥሮች ለጨዋታ እንዳይደውሉ በብርቱ ሊከለከሉ ይገባል፤ የሐሰት ጥሪ ከታማሚ ሰው ላይ ጊዜ መስረቅ ነውና።

መኪናው እስኪመጣ ድረስ

የሚደማውን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ ተጭኖ መያዝ ነው። ራሱን የሳተ ነገር ግን የሚተነፍስ ሰው በጎኑ ይተኛ፤ ምግብም መጠጥም አይሰጠው። የሚያንቀጠቅጠው ሰው በአፉ ማንኪያም እንጨትም አይግባበት፥ ክብሪትም አይሽተት፤ በአጠገቡ ያለው ድንጋይና እሳት ይወገድለት። ቃጠሎ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስበት እንጂ ቅቤ ወይም ጭቃ አይቀባ። እባብ የነደፈውን ስፍራ መብጣት፥ መምጠጥና በገመድ ማሰር ጉዳት ያመጣል፤ ይልቁንስ የተነደፈው ሰው እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ያሻል። መርዝ የጠጣውን ሰው በግድ ማስመለስ አይገባም፤ የጠጣበት ዕቃ ግን ከእርሱ ጋር ለሐኪም ይወሰድ። አንገቱ ወይም ጀርባው የተጎዳ ሰው እሳት ወይም ጎርፍ ካላስገደደ በቀር ከቦታው አይነሣ።

ከዚህ ጋር አንድ ሰው ወደ መንገድ ወጥቶ ቀን ነጠላ፥ ሌሊት ፋኖስ ወይም ባትሪ እያሳየ መኪናውን ይቀበል። ውሻ ይታሰር፥ ከብት ከመንገድ ይገለል። ከሕመምተኛው ጋር የሚሄደው አንድ ዘመድ ይበቃል፤ መኪናው ውስጥ ብዙ ሰው ቢታጨቅ የባለሙያው እጅ ይታሰራልና። በመንገድ የሚጓዝ ሁሉ የአምቡላንስን ድምፅ ሲሰማ ወደ ዳር ወጥቶ ያሳልፈው።

ቃሬዛና መንገድ

መኪና መድረስ የሚችለው መንገድ እስካለበት ነው። ሕመምተኛን በቃሬዛ እየተፈራረቁ መሸከም የባላገሩ የቆየ መልካም ልማድ ስለ ሆነ፥ አምቡላንስ መጣ ተብሎ ሊተው አይገባም። ቃሬዛው እስከ መንገዱ፥ መኪናው እስከ ሐኪሙ ቢሉ ሁለቱ አንድ ሥራ ይሆናሉ። ነፍሰ ጡሯን በግራ ጎኗ አስተኝቶ መሸከም ይገባል። ወንዝ በሚሞላበት ክረምት ደግሞ የመውለጃዋ ወር የደረሰ ሴት አስቀድማ በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል አጠገብ ወዳለው የእናቶች ማቆያ ብትገባ ከሁሉ ይበልጣል። እንደዚህ ያለ ማቆያ በጉራጌ አገር በአጣጥ ሆስፒታል በፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 ዓመት ተጀምሮ ብዙ እናቶችን ጠቅሟል። በማቆያ ያለች እናት አምቡላንስ መጠበቅ አያስፈልጋትም፤ መኪናውም ለሌላው ይተርፋል።

የመምህራንና የሽማግሌዎች ድርሻ

መምህራን የጥሪውን ቍጥር በሰሌዳ ጽፈው፥ ተማሪዎች የቀበሌያቸውንና የጎጣቸውን ስም አጥርተው እንዲናገሩ ቢያለማምዱ፥ ፊደል የማያውቅ ቤተ ሰብ እንኳ በልጁ አፍ ይጠራል። ሽማግሌዎች በእድርና በስብሰባ ስለዚህ ነገር ቢመክሩ፥ ተሸካሚዎችን በተራ ቢመድቡ፥ ከክረምት በፊት የመንደሩን መንገድ ቢያስጠርጉ፥ መኪናውም ከተፈቀደለት ሥራ ውጭ ሲውል ቢያዩ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ቢያስታውቁ፥ ሥራቸው ነፍስ ማዳን ይሆናል።

አምቡላንስ የጋራ ምንጭ ይመስላል። አንዱ ለእግሩ መታጠቢያ ቢያደፈርሰው፥ የተጠማው ሳይጠጣ ይመለሳል፤ ሁሉም በመጠንና በተራ ቢቀዳ ግን ለሁሉ ይበቃል።

ጥያቄዎች

1. በሒሳቡ ምሳሌ ለሴቲቱ የጠፋባት ጊዜ ስንት ነው? ምክንያቱስ ምንድን ነው?
2. ከሦስቱ መዘግየቶች በመንደሩ እጅ ያሉት የትኞቹ ናቸው?
3. አምቡላንስ የሚጠራ ሰው የሚናገራቸው አምስቱ ነገሮች ምን ምን ናቸው?
4. በዚህ ቀበሌ መኪና እስከ የት ይገባል? ከዚያ ወዲያ ያለውን ሕመምተኛ ማን ይሸከመዋል?