ወደ ጄኔቫ ለምትሄደው ለእህቴ ልጅ

ልጄ፣ ጄኔቫ በተባበሩት መንግሥታት ሥራ ማግኘትሽን እናትሽ ነገረችኝ። እንኳን ደስ አለሽ! ሽሮውንና በርበሬውን እሷ ታሽግልሻለች፤ እኔ የማውቀውን ልጻፍልሽ።

1. ከሁሉ በፊት ስምሽን አስተካክዪ። እዚያ ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚይዙት በአባትሽ ስም ሲጠሩሽ አትደንግጪ። በፓስፖርትሽ፣ በዲግሪሽና በውልሽ ላይ የላቲን አጻጻፉ አንድ ይሁን፤ አንድ ፊደል ቢለወጥ ባንክ ቤት ሊያመላልስሽ ይችላል። አይስላንዳዊ ባልደረባ ከገጠመሽ ግን ብዙ ማስረዳት አይጠበቅብሽም፤ የአብዛኞቹ ሁለተኛ ስም እንደ እኛው ከአባታቸው የመጣ ነው እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም።

2. አዲስ አበባ ከጄኔቫ በበጋቸው አንድ፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ትቀድማለች። አገር ቤት ካሉት ጋር ቀጠሮ ስትይዢ «ሦስት ሰዓት» ብለሽ አትተዪው፤ 9:00 ብለሽ የየትኛው ከተማ እንደሆነ ጨምሪበት። ወሩንም በፊደል ጻፊ። 03/04 ለአሜሪካዊው ማርች 4፣ ለፈረንሳዊው ኤፕሪል 3 ነው።

3. «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው ያደግነው። አለቃን በሰው ፊት መቃወም ለእኛ ድፍረት ነው። እዚያ ግን ዝምታሽ ይቆጠራል። በተባበሩት መንግሥታት አሠራር አንዳንድ ረቂቅ ለአባል አገሮች ይበተንና እስከ ተባለው ሰዓት ተቃውሞ ካልመጣ እንደ ጸደቀ ይወሰዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ምክንያት እንደ ልብ መሰብሰብ ሲያቅተው ጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ ያሳለፈው በዚሁ መንገድ ነበር። የቢሮ ስብሰባም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ አንገትሽን ደፍተሽ ከወጣሽ ተስማምታለች ተብሎ ሥራው ይደለደላል። ኮሪደር ላይ «እኔ እንኳ አላመንኩበትም ነበር» ማለት ደግሞ ሐሜት ነው። ድምፅ ከፍ ማድረግ አያስፈልግሽም፤ «በሐሳቡ እስማማለሁ፤ በተባለው ቀን ግን አይደርስም፤ ሁለት ሳምንት ይጨመርልን» ካልሽ በቂ ነው። እሱም ከከበደሽ በዚያው ቀን ኢሜይል ጻፊ፤ ሳይነጋ።

4. ሆላንዳዊ ወይም ጀርመናዊ አለቃ «ይሄ ጽሑፍ አልሆነም» ቢልሽ ጽሑፉን ነው እንጂ አንቺን አይደለም፤ ወዲያው ቡና ሊጋብዝሽ ይችላል። ጃፓናዊው «ትንሽ ያስቸግራል» ካለሽ ደግሞ እንቢ ማለቱ ሊሆን ይችላል። ይህን እኛ ሳንማር እናውቀዋለን! ሁሉም ጀርመናዊ አንድ ዓይነት ነው ብለሽ ግን እንዳትነሺ፤ ሰውየውን እይው።

5. ዳቦ ቤት እንኳ ስትገቢ መጀመሪያ «ቦንዡር» በዪ። ሳይሉ መጠየቅ ነውር ነው።

6. ጾመኛ መሆንሽን ለግብዣ ሲጠሩሽ ተናገሪ፤ ገበታ ቀርቦ ስትናገሪ ጋባዡ ይሳቀቃል። «ሥጋ አልበላም» ካልሽ ቅቤና እንቁላል ያመጡልሻል፤ «ቪጋን» በያቸው። አንቺም በረመዳን ሙስሊም ባልደረባሽን ለምሳ ስብሰባ አትጥሪ።

7. ካፍቴሪያው ውስጥ የሐበሻ ጠረጴዛ አታጪም። ጨዋታው ይጥማል፣ ስለ ቤት ኪራይ የሚመክርሽም እዚያ ይገኛል። በየቀኑ ግን እዚያ አትቀመጪ። የትኛው የሥራ ቦታ ሊከፈት እንደሆነ የሚወራው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ፈረንሳይኛሽም የሚፈታው እዚያ ነው። በሳምንት ሁለቴ እንኳ ከሴኔጋሎቹ ወይም ከፊሊፒኖቹ ጋር ብዪ። ቅዳሜ ቡና የሚያፈላ ሐበሻ ጄኔቫ ውስጥ አይጠፋም።