የግቢው ዋይፋይ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

መላሿ ዕድሜያቸውን በስልክ መስመር ሥራ ያሳለፉ ጡረተኛ ቴክኒሻን ናቸው። ጠያቂው የጎረቤታቸው ልጅ ነው። እናቱ አዲስ አበባ ውስጥ ባለው ግቢያቸው ሦስት ሰርቪስ ክፍል ያከራያሉ፤ ኢንተርኔቱ የገባው በእናቲቱ ስም ሲሆን ተከራዮቹም ይጠቀሙበታል።

ልጅ፦ እትዬ፣ ኢንተርኔቱ ማታ ማታ አስቸገረን። ቀን ደህና ነው፤ ሁለት ሰዓት ካለፈ ግን ቪዲዮ እንኳ አይከፍትም። ፍጥነቱን ከፍ እናስደርግ ብዬ ለእማዬ ነግሬያታለሁ።

እትዬ፦ ብር ከመጨመራችሁ በፊት መስመሩን ማን እንደሚጠቀምበት እንይ። ራውተሩን ገልብጠው። ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ በ192.168 የሚጀምር ቁጥር አለ። ስልክህ ዋይፋዩ ላይ እንዳለ ያንን ቁጥር ብሮውዘር ላይ ጻፍ።

ልጅ፦ ዩዘር ኔምና ፓስወርድ ጠየቀኝ... እሱም እዚሁ ተጽፏል። ገባልኝ። የተገናኙት መሣሪያዎች 23 ናቸው! እኛና ተከራዮቹ ብንደመር እኮ ዘጠኝ ሰው ነን።

እትዬ፦ ቶሎ ሌባ አትበል። አንድ ሰው ስልክም፣ ላፕቶፕም፣ ቴሌቪዥንም ይኖረዋል። እየዞርክ ከየባለቤቱ ጋር አመሳክር፤ ባለቤት ያጣው ነው ከውጭ የገባው። ለመሆኑ የዋይፋዩ ፓስወርድ ምንድን ነው?

ልጅ፦ የእማዬ ስልክ ቁጥር።

እትዬ፦ የሰፈሩ ሁሉ ልማድ ነው፤ ሌባም ያውቀዋል። 09 ብሎ ከጀመረ የቀሩት ስምንት አሃዞች ናቸው፤ ይህም 100 ሚሊዮን አማራጭ ይሆናል። ለሰው ብዙ ነው፣ ለኮምፒዩተር ግን ምንም አይደለም። ስልክህ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡት የመተዋወቂያ መልእክት በአየር ላይ ያልፋል። ከአጥር ውጭ የቆመ ሰው ያንን ቀድቶ ቤቱ ይወስደዋል፤ ከዚያ በኋላ ራውተራችሁ አጠገብ መቆም አያስፈልገውም። ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒዩተር አማራጮቹን በደቂቃዎች ሞክሮ ይጨርሳቸዋል። ሌላም አለ፤ የጎረቤት ዋይፋይ እንከፍትላችኋለን ከሚሉት አፕሊኬሽኖች አንዳንዶቹ የጫነውን ሰው ፓስወርድ ወስደው ለሌላው ያካፍላሉ። አንድ እንግዳ ስልኩ ላይ ካለው በቂ ነው።

ልጅ፦ እሺ፣ ፓስወርዱን እቀይራለሁ። የዋይፋዩን ስም ብደብቀውስ?

እትዬ፦ አይጠቅምህም። ስሙ ሲደበቅ ስልካችሁ በየሄደበት ያንን ስም እየጠራ ይፈልገዋል፤ ማዳመጥ የሚችል ይሰማዋል። አንተ ፓስወርዱን አስረዝመው። እስከ 63 ፊደል ድረስ ይቀበላል። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት አምስት የአማርኛ ቃላት መርጠህ በላቲን ፊደል አያይዘህ ጻፋቸው። ለእናትህ ለማስታወስ አይከብዳትም፣ ለኮምፒዩተር ግን ይከብደዋል። የጥበቃው ዓይነት የሚለው ላይ ደብሊውፒኤ 3 ካለ እሱን፣ የቆዩ ስልኮች እምቢ ካሉ ደብሊውፒኤ 2 ከኤኢኤስ ጋር ምረጥ። ደብሊውኢፒ የሚባለውን ግን እንዳትነካው፤ ድክመቱ ከፈረንጆቹ 2001 ጀምሮ የታወቀ ነው።

ልጅ፦ እዚህ ደብሊውፒኤስ የሚል በርቷል። ይህስ?

እትዬ፦ አጥፋው! ረጅም ፓስወርድ አስገብተው ይህንን ክፍት የሚተዉ ብዙ ናቸው። መሣሪያ በስምንት አሃዝ ፒን በቀላሉ እንዲገናኝ የተሠራ ነገር ነው። ስምንት አሃዝ ጠንካራ ይመስላል። የመጨረሻው አሃዝ ግን ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚገኝ ማረጋገጫ ነው፤ ሰባት ቀሩ። የባሰው ደግሞ ራውተሩ ፒኑን ለሁለት ከፍሎ መፈተሹ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ሲሳሳቱ ለብቻቸው ያሳውቃል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ግማሽ 10,000፣ ለሁለተኛው 1,000፣ በድምሩ 11,000 ሙከራ ይበቃል። ሽቴፋን ፊህቦክ የተባለ ተመራማሪ በፈረንጆቹ 2011 መጨረሻ ይህንን ይፋ አደረገ። አዳዲሶቹ ራውተሮች ሙከራ ሲበዛ ይቆልፋሉ፤ የእናንተው ግን አሮጌ ነው።

ልጅ፦ አጠፋሁት። ጨረስን ማለት ነው?

እትዬ፦ ዋናው ገና ነው። አሁን ወደዚህ ገጽ የገባህበት ፓስወርድ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው አይደል? ከእናንተ ጋር አንድ ዓይነት ራውተር ያለው ሁሉ ሊያውቀው ይችላል። የዋይፋዩ ፓስወርድ የግቢ በር ቁልፍ ነው፤ ተከራይ ሁሉ ይይዘዋል፣ መያዝም አለበት። የዚህ ገጽ ፓስወርድ ግን የቤቱ ካርታ ነው፤ ከእናትህና ከአንተ እጅ መውጣት የለበትም። እዚህ የገባ ሰው ዲኤንኤስ የሚባለውን ይቀይርና የባንክህን አድራሻ ስትጽፍ ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊመራህ ይችላል። ሚራይ የተባለው ቫይረስ በፈረንጆቹ 2016 ዓለምን ያስጨነቀው እኮ በረቀቀ ጥበብ አልነበረም። ከፋብሪካ የወጡበትን ስምና ፓስወርድ እየሞከረ ካሜራና ራውተር ሰበሰበ፤ በእነሱ በተሰነዘረ ጥቃትም በጥቅምት ወር አሜሪካ ውስጥ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለሰዓታት ተቋረጡ። ከውጭ በኢንተርኔት ማስተዳደር የሚለው በርቶ ከሆነ እሱንም አጥፋ።

ልጅ፦ ግራ ከገባኝ ሪሴቱን ተጭኜ ከሀ ብጀምርስ?

እትዬ፦ ኧረ በጭራሽ! በብዙ መስመር ላይ አቅራቢው የሰጣችሁ የመገናኛ ስምና ፓስወርድ ራውተሩ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ሪሴት ያጠፋዋል፤ ከዚያ ቴክኒሻን መጠበቅ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱን ገጽ በስልክህ ፎቶ አንሳ። የራውተሩን ሶፍትዌር ስታድስም መብራት የማይሄድበትን ሰዓት ምረጥ፤ እድሳቱ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ዕቃው ሊበላሽ ይችላል።

ልጅ፦ ተከራዮቹን ግን ምን ላድርግ? እማዬ ከዋይፋዩ ልታስወጣቸው ትችላለች።

እትዬ፦ ለምን? ኢንተርኔት ዛሬ ለሥራም ለትምህርትም ያስፈልጋል፤ ካላችሁ አካፍሉ። የእንግዳ ኔትወርክ የሚለውን አብራና ለእሱ ለብቻው ፓስወርድ ስጠው። እዚያ ላይ ያለ ስልክ ኢንተርኔት ያገኛል፣ የእናንተን ኮምፒዩተር ግን አያይም። ራውተሩ ከፈቀደ የፍጥነት ጣሪያ አብጅለት፤ አንድ ሰው ፊልም ሲያወርድ ሌላው አይታፈንም።

ልጅ፦ እንደ ባዕድ ቆጠራችሁን አይሉም?

እትዬ፦ የእነሱም ላፕቶፕ ከእናንተ ይጠበቃል፤ ያንን ንገራቸው። ጣሪያውንም ደብቀህ አታድርገው፣ ስንት እንደሆነ በግልጽ አሳውቃቸው። ይህ ገጽ ተከፈተልኝ ብለህ ደግሞ ማን ምን አየ እያልክ እንዳትበረብር። ኪራይ የከፈለ ሰው ገመናውን አብሮ አላከራየም።

ልጅ፦ አላደርገውም። ሰርቪሱ ጋ ግን ዋይፋዩ ብዙም አይደርስም።

እትዬ፦ ቆርቆሮ ግድግዳ ሞገዱን ይመልሰዋል፣ ብሎኬትም ያዳክመዋል። ሳሎን ጥግ ወለል ላይ ያለውን ራውተር ወደ መሃልና ወደ ላይ አውጣው። አሁንም ካልደረሰ እስከ ሰርቪሱ ኬብል ዘርጋ፤ እስከ 100 ሜትር ይሠራል። ጫፉ ላይ ሌላ ራውተር ታስቀምጣለህ፤ ራሱ አድራሻ እንዳያድል ግን አክሰስ ፖይንት የሚለው ላይ አድርገው። የእንግዳው ኔትወርክ በኬብሉ አልፎ መሄዱንም አረጋግጥ፤ ሁሉም ራውተር ይህን አያደርግም።

ልጅ፦ የዋይፋዩን ፓስወርድ አሁን ብቀይር ሁሉም ይቋረጣሉ አይደል?

እትዬ፦ አዎ፣ አስቀድመህ ንገራቸው። አንደኛዋ ተከራይ በኦንላይን ትማር የለ? ፈተና ላይ እንዳትሆን ጠይቃት።

ልጅ፦ ሐሙስ ትጨርሳለች።

እትዬ፦ እንግዲያው የዋይፋዩን ሐሙስ ማታ ቀይር። የራውተሩን ግን እዚሁ እንዳለህ ቀይረው፤ እሱ ማንንም አያቋርጥም።