ድስቱን ከመጣድዎ በፊት፦ የቦሎቄና የመኮሮኒ ሾርባ በደብረ ኤልያስ

ጣሊያኖች ሚኔስትሮኔ የሚሉት ሾርባ ለጎጃም ብርድ የተፈለሰፈ ይመስላል። አትክልቱ፣ ጥራጥሬውና ፓስታው ባንድ ድስት ይገባሉ፤ ሥጋና ቅቤ ካልጨመሩበትም ለጾም ይሆናል። ለዛሬ ራት ይደርሳል ወይ የሚለውን ግን የሚወስነው ቦሎቄው ነው።

ቦሎቄው ትናንት ማታ ተዘፍዝፏል? ካልተዘፈዘፈ ለነገ ይተዉትና የምስር ሾርባ ይሥሩ። ጎረቤታችን ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። ፍም ቢከምሩበት ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም፤ ከሰሉ ብቻ ያልቃል። ድሬዳዋ ያለ ዘመድዎ በስልክ «ለእኔ ቶሎ በሰለልኝ» ቢልዎ እውነቱን ነው፤ እርስዎ ግን በእሱ ሰዓት አይሂዱ። በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት ካለዎት ጭንቀቱ በእጅጉ ይቀልልዎታል። ሲገዙም «የዘንድሮ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ያረጀ ቦሎቄ ቢቀቅሉት ቢቀቅሉት አይላላም።

ቀይ ነው? እንግዲያው አይቸኩሉ። በደንብ ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ያስታውካል፣ ሆድም ያዛባል። የዘፈዘፉበትን ውኃ ይድፉ፤ በአዲስ ውኃ ጥደው ከግማሽ ሰዓት ላላነሰ ጊዜ በኃይል ያንተክትኩት። እሳቱን የሚቀንሱለት ከዚያ በኋላ ነው።

ቦሎቄ ከጠፋስ? ባቄላ ወይም ሽምብራ ይተካዋል። ግብጦ ግን አይሆንም፤ ቀቅለው ለቀናት በውኃ ካላጠቡት መርዛማ ምሬቱ አይለቅም። ጓያማ ጭራሽ አይታሰብ፤ አዘውትረው የበሉትን ሰዎች እግር እንደሚያሽመደምድ አገር ያውቃል።

አትክልቱ ብዙ አያስቸግርም። ቀይ ሽንኩርቱን በዘይት ያቁላሉ፣ ካሮቱንና ድንቹን በትንንሹ ከትፈው ይጨምሩ፤ ጥቅል ጎመኑ ወደ መጨረሻ ይገባል። ቲማቲሙን ቦሎቄው በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ድረስ ያቆዩት፤ ቀድሞ ከገባ ቦሎቄው እንዳይበስል ያዘገየዋል። ከበሰለው ቦሎቄ አንድ ጭልፋ ጨፍልቀው ቢመልሱበት መረቁ ይወፍራል። በርበሬ አይግባበት ባይ ነኝ፣ ወጥ ይሆናል። ቁንዶ በርበሬና አንድ ፍሬ ቃሪያ ይበቃዋል።

ለነገ ይተርፋል? ለስድስት ሰው ሁለት ብርጭቆ ደረቅ ቦሎቄና አንድ ብርጭቆ መኮሮኒ በቂ ነው። መኮሮኒ ድስት ውስጥ ካደረ መረቁን ጠጥቶ ገንፎ ይሆናል፤ ስለዚህ ለብቻ ቀቅለው በየሳህኑ ይጨምሩት። ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃም ትንሽ ያስረዝሙለት። መኮሮኒ ከሌለ ፓስታ ሰባብሮ መክተት ነው። ፍሪጅ ከሌለዎት ግን ላንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ ይሥሩ፤ ውጭ ያደረ የቦሎቄ ሾርባ ጠዋት ኮምጥጦ ይጠብቅዎታል።