በትንሽና በአሮጌ መኪና ላይ ትልቅ ሞተር ስለ መግጠም

ሞተር የመኪና ልብ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። አባባሉ ባይከፋም፣ ሳንባ ቢባል ወደ እውነቱ ይበልጥ ይቀርባል ባይ ነኝ። ለምን ቢሉ፣ ሞተር ጉልበቱን የሚያገኘው ከቤንዚን ብቻ ሳይሆን ቤንዚኑን ከሚያቃጥለው አየር ጭምር ነውና። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 15 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። እንግዲህ «ይህ ሞተር ትልቅ ነው» ስንል በአንድ ዙር ብዙ አየር ይስባል ማለታችን ነው። ውድ አንባብያን ይህችን ነገር ከያዙልኝ የሚከተለው ሁሉ ቀላል ይሆናል።

በአገራችን መኪና ስላረጀ አይጣልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎችን ወደ አገር ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መንግሥት አስታወቀ። ስለዚህ ላዳ ወይም ቮልስዋገን ያለው ሰው መኪናው ዳገት መፍራት ሲጀምር ወደ ጋራዥ ወስዶ «ጠንከር ያለ ሞተር ግጠሙልኝ» ቢል አያስደንቅም። ይህ ነገር መቼ ያዋጣል? መቼስ አያዋጣም? በዚህ ጽሑፍ በፊዚክስ የተማርነውን መሠረት አድርጌ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ለምሳሌ ላዳን እንውሰድ። ላዳ በሩሲያ በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቶሊያቲ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 መሠራት የጀመረ መኪና ሲሆን፣ የተቀዳው ከኢጣልያኑ ፊያት 124 ነው። በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ቀለም እየተቀባ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት አገልግሏል። (መካኒኮቻችን ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ስለ ሆኑ፣ ይህ የሩሲያ መኪና በእኛ ጋራዥ ገብቶ የአባቱን ቋንቋ ሰማ ማለት ይቻላል።)

የመጀመሪያው ላዳ፣ 2101 የሚባለው፣ አራት ሲሊንደሮች አሉት። የሲሊንደሩ ዲያሜትር 76 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው መንገድ 66 ሚሊ ሜትር ነው። የሲሊንደርን ይዘት የምናሰላበትን ደንብ ሁላችንም እናውቀዋለን፦ 3.1416 × 3.8 × 3.8 × 6.6 × 4 ቢባዛ 1198 ሲሲ ይሆናል። 2103 የተባለው ታናሽ ወንድሙ የሲሊንደሩ ስፋት ሳይለወጥ የፒስተኑ መንገድ ወደ 80 ሚሊ ሜትር ተራዘመለት፤ ይዘቱም 1452 ሲሲ ሆነ። በ2106 ላይ ደግሞ ዲያሜትሩ ወደ 79 ሚሊ ሜትር ሰፋ፤ ይህም 1569 ሲሲ ይሰጣል። ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር ከ100 እጅ 31 እጅ ይበልጣል። የክፍሉ ጓደኞቼ እርሳስ አንሥተው ቢሞክሩት ደስ ይለኛል።

እነዚህ ሞተሮች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለ ሆኑ ትልቁ በትንሹ ቦታ ይገባል። ይሁን እንጂ ዝም ብሎ አይገባም። የፒስተኑ መንገድ የረዘመለት ሞተር ቁመቱ በ8.8 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። 8.8 ሚሊ ሜትር ከእርሳስ ውፍረት ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው፤ ነገር ግን በዚህች ምክንያት በሞተሩ ፊት ያለው ሰንሰለት ከ114 ቀለበት ወደ 116 መርዘም አለበት፤ እሳት አከፋፋዩም ዘንጉ ረዘም ያለው መሆን አለበት። የትንሹን ሞተር ዕቃ በትልቁ ላይ እናዳርስ የሚል ሰው በዚህ ላይ ይቸገራል።

አሁን ወደ አየሩ ልመለስ፤ ለእኛ አገር ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቆረቆረች ስለ ሆነች፣ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የ1569 ሲሲ ሞተር አዲስ አበባ ላይ የሚስበው አየር፣ ሙቀቱን ለጊዜው ትተን ብናሰላው፣ 1569 × 0.75 ማለት 1177 ይሆናል። ይህ ምን ማለት ነው? ትልቁ ሞተር በአዲስ አበባ የሚተነፍሰው ትንሹ ሞተር በጅቡቲ ወደብ ከሚተነፍሰው አይበልጥም ማለት ነው! እኔ ይህን ቁጥር ሳገኘው ሁለት ጊዜ ደግሜ አሰላሁት። እንግዲህ የደጋ ሰው ትልቅ ሞተር ቢመኝ የሚመኘው ትርፍ ጉልበት ሳይሆን፣ ከፍታው የወሰደበትን ማስመለስ ነው።

አሶሳ ከፍታዋ 1570 ሜትር ገደማ ሲሆን የአየር ግፊቷ 83 ከመቶ ያህል ይደርሳል። የእኛ ሸርቆሌ ከአሶሳም ዝቅ ያለ ቆላ ስለ ሆነ አየሩ ከዚያም ይበልጥ ወፍራም ነው። ነገር ግን ሙቀቱ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ በ38 ዲግሪ ሙቀት ያለ አየር በ15 ዲግሪ ካለው በ7 ከመቶ ያህል ይሳሳል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሲታይ፣ አዲስ አበባ ላይ ደካማ የነበረ መኪና ወደ እኛ አገር ሲወርድ ሞተሩ ሳይነካ ትንሽ ይበረታል።

አጎቴ ከወርቅ አጠባ ባጠራቀሙት ገንዘብ አምና አንድ አሮጌ ላዳ ገዝተው ነበር። መኪናው ዳገት ላይ ስለ ደከመባቸው ትልቅ ሞተር ለማስገጠም አሰቡ። ለዚህ የታሰበው ገንዘብ ግን ልጃቸው በመጪው ዓመት ኮሌጅ ስትገባ ሊከፈልላት የተቀመጠው ነው። ነገሩን ለእኔ ሲያዋዩኝ፣ «አጎቴ፣ ሞተሩ ትንሽ በመሆኑ ነው የደከመው ወይስ በማርጀቱ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ይህ ጥያቄ ቀላል ይምሰል እንጂ መልሱ ብዙ ገንዘብ ያወጣል።

መልሱን ለማግኘት ሞተሩን መፍታት አያስፈልግም። መካኒኩ ካንዴላዎቹን ነቅሎ በየሲሊንደሩ የግፊት መለኪያ ያስገባና ሞተሩን በባትሪ ያዞራል። አራቱም ተቀራራቢና ጥሩ ግፊት ካሳዩ ሞተሩ ጤነኛ ነው። አንዱ ወይም ሁለቱ ዝቅ ካሉ በዚያው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ አድርጎ እንደ ገና ይለካል። አሁን ግፊቱ ከፍ ካለ፣ ዘይቱ ክፍተቱን ስለ ደፈነው ነውና የፒስተኑ ቀለበቶች ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ አልቋል ማለት ነው። ካልተለወጠ ግን ቫልቮቹ በደንብ አይዘጉም ማለት ነው። በአጎቴ ላዳ ሁለቱ ሲሊንደሮች ዝቅ ብለው ተገኙ፤ ዘይቱ ሲገባም ከፍ አሉ። ቀለበት መለወጥና ሲሊንደር ማስተካከል ሌላ ሞተር ከመግዛት የሚያንስ ወጪ ነው። መኪናው እስካሁን ጋራዥ ቆሟል፤ አጎቴም መጀመሪያ ፍሬኑ ይታይ ብለዋል።

ስለ ፍሬን መናገራቸው ትክክል ነው። ላዳ 955 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሰውና ዕቃ ሲጨመርበት 1250 ኪሎ እንበል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በውስጡ የሚይዘው የእንቅስቃሴ ጉልበት 309,000 ጁል ያህል ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን 482,000 ጁል ይሆናል። ፍጥነቱ በሩብ ሲጨምር ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት ከግማሽ በላይ ጨመረ። ትልቅ ሞተር ዳገቱን ፈጥኖ ያወጣል፤ ቁልቁለቱን የሚያወርደው ግን ያው አሮጌ ፍሬን ነው። ደግነቱ ትልቅ ሞተር በከባድ ማርሽ ሲወረድ መኪናውን ከትንሹ የበለጠ ይይዛል፤ ይህን ሳልጠቅስ ብቀር ፍርዴ አድልዎ ይሆናል። ሆኖም ድንገት ሕፃን ወይም ፍየል መንገድ ሲገባ የሚያድነው ማርሽ ሳይሆን ፍሬን ነው።

ቮልስዋገንን በአጭሩ ላንሣ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱበት መኪና ስለ ሆነ ከታሪካችንም ጋር የተያያዘ ነው። የ1200ው ሞተር 1192 ሲሲ፣ የ1600ው 1584 ሲሲ ሲሆን፣ ትልቁን በትንሹ ቦታ ማስገባት ብዙ አያስቸግርም። ነገር ግን ይህ ሞተር ውኃና ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው ማራገቢያው በሚነፋው አየር ነው። ከቤንዚን ከሚገኘው ጉልበት ሩብ ያህሉ ብቻ ጎማ ሊያዞር ይችላል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት። ስለዚህ ጉልበት ሲጨመር ሙቀትም ይጨመራል፤ በቆላ ቀትር ደግሞ ማራገቢያው የሚነፋው ራሱ የሞቀ አየር ነው። አሮጌው 1200 በአራቱም ጎማዎቹ ላይ ያለው የታምቡር ፍሬን መሆኑም አይዘነጋ። እኔ ብሆን ለሸርቆሌ በቮልስዋገን ላይ ትልቅ ሞተር አልመርጥም።

የወረቀቱ ነገርም አለ። በአገራችን የመኪና ሊብሬ ላይ የሻንሲው ቁጥርና የሞተሩ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ሞተር የለወጠ ሰው አዲሱን ቁጥር ካላስመዘገበ ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አይስማማም፤ ቦሎም አያገኝም። ከዚህም በላይ የሞተሩ ሻጭ ደረሰኝ ካልሰጠ፣ ሞተሩ ከተሰረቀ መኪና የወጣ እንዳልሆነ በምን ይታወቃል? ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገር በፊት ቁጥሩን አንብቦ ወረቀቱን መጠየቅ ይገባል።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ በዓለም ላይ አሮጌ መኪናዎችን ከነሞተራቸው አራግፈው የኤሌክትሪክ ሞተር ይገጥሙላቸዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ስለዚህ ለእንጦጦም ሆነ ለሸርቆሌ ጉልበቱ አንድ ነው። በክልላችን በጉባ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ኤሌክትሪክ እየሰጠ ባለበት ዘመን ይህ ሐሳብ ሩቅ አይመስልም። የሚያስቸግረው ባትሪው ነው፤ ዋጋውም ከላዳው ከራሱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።