ያገለገለ ማሽን ሲግል፤ ቼኩን ከመጻፍዎ በፊት

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናወሳው ስለ ታክስ፣ ስለ ብድርና ስለ ፈቃድ ነው። የዛሬው ጉዳይ ግን ከአንድ የፍሬዛ ማሽን ይነሳል። ታክሲ ለሚነዳው ወይም ሱቅ ለከፈተው ወገናችን ባዕድ ቢመስልም፣ ያገለገለ ዕቃ ገዝቶ ሥራ የጀመረ ሁሉ ሊገጥመው የሚችል ነገር ነውና ይከተሉኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛዬ ወደ ቢሮዬ መጣ። አሥራ አንድ ዓመት ታክሲ ነድቶ ባጠራቀመው ገንዘብ፣ በክሬዲት ካርድም ጨምሮ፣ ያገለገለ ሲኤንሲ ፍሬዛ፣ ማለትም በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የብረት መቁረጫ ማሽን ገዝቷል። ለአንድ ፋብሪካም የአልሙኒየም ክፍሎች ይሠራ ነበር። በሦስተኛው ወር ስፒንድሉ፣ መቁረጫውን ይዞ የሚሽከረከረው ዘንግ፣ እጅ የማያስነካ ሆነ፤ የሠራቸውም ክፍሎች ልካቸውን እየሳቱ ተመለሱበት። የተጠራው ጠጋኝ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ «አዲስ ስፒንድል ያስፈልጋል፤ 9,000 ዶላር» ብሎት ሄደ። ደንበኛዬ የመጣው ይህን ወጪ ከታክስ ይቀንስ እንደሆነ ሊጠይቀኝ ነበር። እኔ ግን «ጥፋቱ የስፒንድሉ መሆኑን በምን አወቅህ?» አልኩት። ዲግሪዬ የሒሳብ ቢሆንም፣ ተማሪ ሳለሁ የትምህርት ክፍያዬን የሸፈንኩት በማሽን ሾፕ የማታ ፈረቃ እየሠራሁ ነው።

በመጀመሪያ መሞቅንና ከልክ በላይ መሞቅን ይለዩ። ማንኛውም የሚሽከረከር ዘንግ ይሞቃል፤ የታክሲዎ ሞተርም ይሞቃል፤ የሚያስፈራዎ ግን የራዲያተሩ መርፌ መውጣቱን ሳያቆም ሲቀር ነው። እዚህም እንደዚያው ነው። ሳይነኩ በርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ይግዙ። ማሽኑ ምንም ሳይቆርጥ በመካከለኛ ፍጥነት ይሽከረከር፤ እርስዎ በየአሥር ደቂቃው የስፒንድሉን አፍንጫ፣ የላይኛውን ክፍልና ሞተሩን ለየብቻ እየለኩ በደብተር ይመዝግቡ። ሙቀቱ ወጥቶ ወጥቶ አንድ ቦታ ላይ ከረጋና ማኑዋሉ ከሚፈቅደው ካላለፈ ደህና ነው። ሳይረጋ የሚወጣ ከሆነ ያጥፉት። የሙቀት ጉዳት ኩሽኔታውን በመፍጀት ብቻ አያበቃም። 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ብረት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ 0.023 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ፋብሪካው የሚፈቅደው ስሕተት 0.01 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ዕቃው የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ከዚያ ዋጋው ከትንሹ እየጀመሩ ወደ ትልቁ ይሂዱ፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ ነገር በላይ አይለውጡ። ሁለት ነገር ለውጠው ሙቀቱ ቢወርድ የትኛው እንዳዳነዎ አያውቁም፤ ይህ በሒሳብ መዝገብም ያው ነው። የሚግለው ሲቆርጥ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ምናልባት የደነዘ መቁረጫ ወይም የበዛ ጭነት ነው፤ የጭነቱን መጠን በማሽኑ ስክሪን ላይ ያዩታል። ሳይቆርጥም የሚግል ከሆነ የሞተሩን ማራገቢያና ፊልትሮውን ይመልከቱ፤ በዘይትና በብረት ብናኝ ተደፍኖ ይገኛል። የራሱ ማቀዝቀዣ ካለው የፈሳሹን መጠንና ፓምፑን ያረጋግጡ። ቀጥሎ ቺንጋው ነው። ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ የላይኛውን ኩሽኔታ እየጎተተ ያግለዋል። ቺንጋውን ሲነኩ ዋናውን ኤሌክትሪክ አጥፍተው ማጥፊያውን ይቆልፉ፤ ማቆሚያውን ቁልፍ መጫን ብቻ አይበቃም።

አሁን ደንበኛዬ ወደ ወደቀበት ልምጣ። እኛ መኪና የለመድን ሰዎች ግራሶ ሲበዛ ይጠቅማል እንላለን። ለስፒንድል ኩሽኔታ ግን የበዛ ግራሶ መርዝ ነው። በፍጥነት የሚሽከረከር ኩሽኔታ ውስጡ ካለው ባዶ ቦታ ግራሶ የሚሞላው ከሲሶ በታች ነው፤ ሲበዛ እየተቦካ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል። በዘይትና በአየር የሚቀባውም ዘይት ሲያንሰውም ሲበዛበትም ይግላል። ፋብሪካው አንዴ ግራሶ ሞልቶ የዘጋው ደግሞ ጭራሽ አይነካም። ደንበኛዬ «እንዲበረታ» ብሎ በየሳምንቱ በፖምፓ ሲሞላው ከርሟል! በማኑዋሉ መሠረት በዝቅተኛ ፍጥነት ጥቂት እያዞረ፣ እያሳረፈ፣ ፍጥነቱን በደረጃ እየጨመረ ትርፉን ግራሶ በሦስት ቀን አስወጣ። ደብተሩ ላይ ሙቀቱ ወረደና ረጋ። የወጣው ገንዘብ ቴርሞሜትሩና ለአንድ ሌላ ባለሙያ የሁለት ሰዓት ክፍያ ነው። ጠዋት ጠዋትም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማሽኑን በዝግታ ያሟሙቀዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የማይረጋ ሙቀት፣ የሚያጓራ ድምፅ ወይም በዲያል መለኪያ የሚታይ መወላወል ካለ፣ ያን ጊዜ ኩሽኔታው አልቋል፤ ስፒንድል ለሚያድስ ባለሙያ ይላኩት። የማደሻውን ዋጋ ሳይሰሙ አዲስ አይግዙ።

አሁን ወደ ታክሱ። ደብተሩ እዚህም ያገለግልዎታል። በአሜሪካ የታክስ ደንብ ማሽኑን በሥራ ላይ ሳለ እንደነበረ ለማቆየት የሚደረግ ተራ ጥገና የዓመቱ ወጪ ነው። ነገር ግን ከመግዛትዎ በፊት የነበረን ከባድ ጉድለት ማስተካከል፣ ጉድለቱን ባያውቁት እንኳ፣ ማሻሻያ ተብሎ በማሽኑ ዋጋ ላይ ይደመራል። ስለዚህ በገዙበት ቀን ማሽኑን ግማሽ ሰዓት አስነስተው ሙቀቱን ከነቀኑ ይጻፉ፤ ጉድለቱ በእጅዎ ላይ የመጣ ለመሆኑ ማስረጃዎ እሱ ነው። በማሽኑ ዋጋ ላይ የተደመረውም ቢሆን በሴክሽን 179 ወይም እ.ኤ.አ. ከጥር 19 ቀን 2025 በኋላ ለተገዛ ዕቃ፣ ያገለገለንም ጨምሮ፣ በተፈቀደው የመቶ በመቶ ቅናሽ በዚያው ዓመት ሊቀነስ ይችላል። ይሁንና ማሽኑን ሲሸጡ ያ ቅናሽ እንደ ገቢ ተመልሶ ሊቆጠርብዎ ይችላል።

ወጪው በአንድ ደረሰኝ ወይም በአንድ ዕቃ ከ2,500 ዶላር ካልበለጠና በመዝገብዎ ላይ በወጪነት ከያዙት፣ ጥገና ነው ማሻሻያ ነው የሚለው ክርክር ሳይነሳ እንደ ዓመቱ ወጪ መያዝ የሚያስችል ምርጫ አለ። አንዱን ሥራ ሆን ብሎ ለሁለት ደረሰኝ መክፈል ግን አይፈቀድም። ምርጫውም በየዓመቱ በጊዜው ከሚገባው የታክስ ሪተርን ጋር ተያይዞ መቅረብ አለበት፤ አምና አቅርቤያለሁ ማለት ለዘንድሮ አያገለግልም።